የወይን አትክልተኛው ድሜጥሮስና የዘመን ቁጥር

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ስናከብር ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ሕንፃው፥ ስለ መምህራኑና ተመርቀው ስለ ወጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ካልቀደመ በቀር በዓል የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም፤ ይኸውም ቁጥር ነው። ቀኑን የሚቈጥር፥ ዓመቱም ሞላ ብሎ የሚያስታውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ይህ መጽሔት ባልታተመ፥ እኛም ለመጻፍ ብርዕ ባላነሣን ነበር። ስለዚህ ለበዓሉ መታሰቢያ እንዲሆን ዘመንን በመቍጠር ስሙ የተጠራውን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ አሰብን። ይህም ሰው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው።

ይህን ታሪክ እንድንመርጥ ያደረገን ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በ2016 ዓመተ ምሕረት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፥ ከባሕር ማዶ የመጡ አንድ መምህራችን መጋቢት 22 ቀን የትንሣኤን በዓል አከበሩ። ደግ ሰው ስለ ነበሩ እኛንም ጠርተው በወተትና በቅቤ የተሠራ ኬክ አቀረቡልን። እኛ ግን ጾሙን ከጀመርን ገና ሦስት ሳምንት ነበርና አመስግነን ሳንቀምስ ተመለስን። የእኛ ትንሣኤ የዋለው ከዚያ 35 ቀን ቈይቶ ሚያዝያ 27 ቀን ነው። አንድ ክርስቶስ ተነሥቶ ሳለ ስለ ምን ሁለት ትንሣኤ ሆነ የሚለው ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልባችን አልወጣም።

የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ወደ ሰቆጣ ተመልሰን የአጥቢያችንን መሪጌታ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም በጣታቸው አንጓ ላይ እየቈጠሩ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባለውን ነገር አስረዱን፤ የቁጥሩም አባት ድሜጥሮስ መሆኑን ነገሩን። እኛም ከመጻሕፍትና ከሊቃውንት የሰማነውን አሰባስበን እነሆ ለእናንተ አቀረብን። ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረት ያልተባሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወደ ሰውየው ከመሄዳችን አስቀድሞ ስለ ሰዓት ጥቂት እንበል። በዋግ ኽምራ ደጋ ያደግን ልጆች ሰዓትን መጀመሪያ የተማርነው ከእጅ ሰዓት አይደለም። አያቶቻችን በጾም ወራት ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን ለማወቅ ከደጅ ወጥተው በሜዳ ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና የጥላቸውን ጫፍ በድንጋይ ምልክት አድርገው በገዛ እግራቸው ጫማ ለጫማ እየገጠሙ ይሰፍሩት ነበር። ረጅም ሰው ጥላው ረጅም ነው፤ እግሩ ግን እንዲሁ ረጅም ስለ ሆነ የጫማው ቁጥር ከአጭሩ ሰው ቁጥር ብዙ አይለይም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰዓት በራሱ አካል ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው። የመስከረምና የመጋቢት ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትደርስ የሰው ጥላ ከቁመቱ ጋር የተቃረበ ይሆናል። በግእዝ የሐሳብ መጻሕፍትም ውስጥ በየወሩና በየሰዓቱ ጥላው ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ተጽፎ ይገኛል።

እኛም ነገሩን ለመፈተን አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በግቢያችን ተክለን ጥላውን ተከታተልን። ከዚህም ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛው፥ በሰቆጣ ከሚያዝያ እኩሌታ እስከ ነሐሴ እኩሌታ ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን መውደቁን ትቶ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ፀሐይ በዚያ ጊዜ ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ትውላለችና። ሁለተኛው፥ የእጅ ሰዓት ስድስት ሰዓት ሲል ፀሐይ በሰቆጣ ገና መካከል ላይ አልደረሰችም፤ በአማካይ 24 ደቂቃ ያህል ይቀራታል። የዚህም ምክንያት የአገራችን ሰዓት የተቀናው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው መሥመር በመሆኑ ነው። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ አንዱ ኬክሮስም 24 ደቂቃ ነው። እንግዲህ የሰቆጣ ፀሐይ ከእጃችን ሰዓት በአንድ ኬክሮስ ያህል ትዘገያለች። ይህን ያህል ስለ ጥላ ከተናገርን ጥላንና ውሃን በመለካት ከሁሉ በላይ ወደ ታወቀችው ከተማ፥ ወደ ድሜጥሮስ አገር ወደ እስክንድርያ እንሂድ።

ግብፃውያን ከጥንት ጀምሮ ቀኑን በጥላ፥ ሌሊቱን ደግሞ በውሃ ይቈጥሩ ነበር። በካርናክ ቤተ መቅደስ የተገኘው የንጉሥ አሜንሆቴፕ ሣልሳዊ የውሃ ሰዓት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የድንጋይ ዕቃ ነው። ዕቃው ከታች ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ውሃው በዚያ ሲንጠባጠብ በውስጥ የተቀረጸው ምልክት ሰዓቱን ያሳያል። ውሃ ሲጐድል ኀይሉ ይደክማልና እየቈየ በዝግታ ይወርዳል። ስለዚህ ጠቢባኑ የዕቃውን አፍ ሰፊ፥ ግርጌውን ጠባብ አድርገው ሠሩት፤ ፍሰቱ ሲደክም የሚጐድለው ውሃም ስለሚያንስ ከፍታው በየሰዓቱ የሚወርደው በተቃረበ ልክ ሆነ። ከብዙ ዘመን በኋላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ክቴሲቢዮስ የተባለ የጸጉር አስተካካይ ልጅ ይህን ሥራ እጅግ አሻሻለው። እርሱም ሁልጊዜ ሞልቶ በሚፈስስ ሁለተኛ ዕቃ አማካይነት የውሃውን ግፊት አንድ ልክ አደረገው፤ ከውሃው ጋር ከፍ የሚል ተንሳፋፊ ነገርም ምልክቱን እንዲያሳይ አደረገ።

በዚያው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት አለቃ የነበረው ኤራቶስቴንስ በአስዋንና በእስክንድርያ የሚታየውን የቀትር ጥላ አመዛዝኖ የምድርን ዙሪያ ለካ። በክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት ደግሞ በጥሊሞስ በዚያች ከተማ ተቀምጦ የከዋክብትን መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ እኛ የምንጠቀምበት 12 ወር ባለ ሠላሳ ቀንና ጳጉሜን በእስክንድርያ የሚሠራበት አቈጣጠር ነበር፤ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን በጳጉሜን ላይ የተጨመረው በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ነው። እንግዲህ ድሜጥሮስ የተወለደው በሊቃውንት መካከል ነው። ነገር ግን እርሱ ራሱ ከሊቃውንቱ ወገን አልነበረም።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚነገረው ድሜጥሮስ የወይን አትክልት የሚጠብቅ ሰው ነበረ፤ ማንበብና መጻፍም አያውቅም ነበር። በሕግ ያገባት ሚስቱ በእኛ አገር ትውፊት ልዕልተ ወይን ትባላለች። ሁለቱም በአንድ ቤት እየኖሩ እንደ ወንድምና እንደ እኅት በንጽሕና ለመኖር ተስማሙ፤ ይህንም ከእነርሱ በቀር ማንም አላወቀም። ከዕለታት አንድ ቀን ድሜጥሮስ በአትክልቱ ውስጥ ሲዘዋወር ጊዜው ያልሆነ የወይን ዘለላ አፍርቶ አገኘ። ወይን ቈርጦ የሚያድር ሰው ከሁሉ በፊት የሚያውቀው የፍሬውን ወራት ነውና ነገሩ ቢያስደንቀው ለራሱ ሳያስቀር ለሊቀ ጳጳሳቱ ለአባ ዮልያኖስ በረከት ይሆን ዘንድ ይዞ ሄደ።

አባ ዮልያኖስ በዚያን ጊዜ በሞት አልጋ ላይ ነበረ። በዚያችም ሌሊት ነገ ወይን ይዞ የሚመጣው ሰው በአንተ ወንበር የሚቀመጥ ነው የሚል ራእይ አይቶ ነበርና ድሜጥሮስ በደጅ ሲገባ ለተሰበሰቡት ካህናት አመለከታቸው። እንዲህ ሆኖ በ189 ዓመት ገደማ የወይን አትክልተኛው ከቅዱስ ማርቆስ ጀምሮ ሲቈጠር አሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ። ድሜጥሮስም በተሾመ ጊዜ አላውቅም ብሎ አልተቀመጠም፤ አርጅቻለሁ ብሎም አላፈረም። ፊደል ተምሮ መጻሕፍትን መረመረ፤ በፊት ተማሪዎችን ከሩቅ ሆኖ ያይ የነበረው ሰው የትምህርት ቤት ጠባቂ ሆነ። ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ታላቅ ምክር ነው።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ ሁሉ በሹመቱ አልተደሰተም። ባለ ትዳር ሰው እንዴት በማርቆስ ወንበር ይቀመጣል እያለ የሚያጕረመርም ብዙ ነበረ። ድሜጥሮስ ምሥጢሩን ለመግለጥ ባይወድም የሕዝቡ ልብ እንዳይከፈል ከቅዳሴ በኋላ እሳት አስመጥቶ በምእመናን ፊት ፍሙን በራሱና በሚስቱ ልብስ ላይ አደረገ። ሁለቱም ፍሙን ይዘው በሕዝቡ መካከል ሲዞሩ ልብሳቸው አልተቃጠለም ይባላል። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ይቅርታ ጠየቀው። ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር እናስተውላለን፤ ድሜጥሮስ ስለ ራሱ ክብር ሲል ሳይሆን የሕዝቡን አንድነት ስለ ፈለገ የሰወረውን ገለጠ። ለበዓላት ቀን ሲደክምም ያው ፍላጎት አብሮት ነበር።

በዚያ ዘመን ክርስቲያኖች በትንሣኤ ቀን አይስማሙም ነበር። በኤፌሶንና በአካባቢዋ ያሉት ጨረቃ በሞላችበት በ14ኛው ቀን፥ ሰኞም ይሁን ዓርብ፥ ያከብሩ ነበር። በሮም፥ በእስክንድርያና በፍልስጥኤም ያሉት ግን ከእሑድ በቀር አይሆንም አሉ። በ190 ዓመት ገደማ የሮሙ ጳጳስ ፊቅጦር በእስያ ያሉትን ሊያወግዝ ተነሣ፤ የሊዮኑ ኢሬኔዎስ ግን ስለ ቀን ብላችሁ ወንድማማችነትን አታፍርሱ ብሎ ለመነ። ድሜጥሮስም በዚህ ሁከት መካከል ሊቀ ጳጳሳት ነበረ። በፍልስጥኤም ያሉ ጳጳሳት ከእስክንድርያ ጋር ደብዳቤ እየተላላኩ በአንድ ቀን ያከብሩ እንደ ነበር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ መስክሯል። የስንክሳርም ታሪክ ድሜጥሮስ ያገኘውን ቁጥር ለሮም፥ ለአንጾኪያና ለኢየሩሳሌም ጳጳሳት ጽፎ እንደ ላከ ይናገራል።

ችግሩ ቀላል አልነበረም። ፀሐይ ዓመቷን የምትፈጽመው በ365 ቀን ነው፤ ጨረቃ ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ታይታ ስትጨርስ 354 ቀን ብቻ ይሆናል። የ11 ቀን ልዩነት አለ ማለት ነው። ትንሣኤ የጨረቃን ሙላት፥ የፀሐይን የመጋቢት እኩሌታና እሑድን ሦስቱንም መጠበቅ ስላለበት በየዓመቱ ቦታውን ይለውጣል። ድሜጥሮስ ደግሞ የነነዌ ጾምና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፥ ትንሣኤና ሆሣዕና ከእሑድ፥ ስቅለት ከዓርብ፥ ዕርገት ከኀሙስ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር።

የአገራችን ሊቃውንት የሚያስተምሩት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ምኞት ነው። ድሜጥሮስ ስለዚህ ነገር ሲያስብ መልአክ ተገልጦ ከሌሊቱ 23 ሱባዔ፥ ከቀኑም 7 ሱባዔ እንዲይዝ ነገረው። ሱባዔ ማለት ሰባት ቀን ነው። የሌሊቱ 23 ጊዜ ሰባት 161 ይሆናል፤ ይህን በሠላሳ ሠላሳ ብንገድፈው 11 ይተርፋል፤ እርሱም አበቅቴ ተባለ። የቀኑ 7 ጊዜ ሰባት 49 ነው፤ ሠላሳውን ብንገድፍ 19 ይተርፋል፤ እርሱም መጥቅዕ ተባለ። 11 እና 19 ተደምረው 30 ይሆናሉ። እንግዲህ አበቅቴ የተባለው ቁጥር ቀደም ብለን ያየነው የፀሐይና የጨረቃ ልዩነት መሆኑን ልብ በሉ። የጾመኛውና የኮከብ ቈጣሪው መንገድ በ11 ቁጥር ላይ ተገናኙ።

ይህ ሐሳብ በ19 ዓመት ዑደት ላይ የቆመ ነው። በ19 ዓመት ውስጥ የ11 ቀን ልዩነት ተጠራቅሞ 209 ቀን ይሆናል፤ ይህም አንድ ቀን የጐደለው ሰባት ወር ነው። ስለዚህ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት የጨረቃ ወር ተጨምሮ ያቺ አንዲት ቀን ከታለፈች ጨረቃና ፀሐይ እንደ ገና ይታረቃሉ። ይህን ዑደት የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት ያውቀው ነበር። የታሪክ ተመራማሪዎች የእስክንድርያ ቁጥር ቀስ በቀስ የተስተካከለ መሆኑን ያሳያሉ፤ ከድሜጥሮስ በኋላ የተነሣው ዲዮናስዮስ በ8 ዓመት ዑደት፥ ከእርሱም በኋላ አናጦልዮስ በ19 ዓመት ዑደት ሠርተዋል። ይህ ግን የድሜጥሮስን ክብር የሚቀንስ አይመስለንም። ቤት መሠረቱን የጣለው ሰው ስም ይጠራበታል፤ ግድግዳውን ያቆሙ ልጆቹ ስለ ሆኑ አባትየው አይረሳም።

አሁን ደግሞ ስለ ሕይወቱ አስቸጋሪ ክፍል እንናገር፤ የታላቅ ሰው ታሪክ ከድካሙ ጋር ካልተነገረ ለተማሪ አይጠቅምምና። በ202 ዓመት በሴፕቲሚዮስ ሴዌሮስ ዘመን በእስክንድርያ ክርስቲያኖች ላይ ስደት ተነሣ። ሊዮኒድስ የተባለ ሰው ስለ ሃይማኖቱ ተገደለ። ልጁ ኦሪጌንስ ከአባቱ ጋር ለመሞት ሊወጣ ሲል እናቱ ልብሱን ደብቃ አስቀረችው። ስደቱ መምህራንን ስለ በተነ የትምህርት ቤቱ ወንበር ባዶ ሆነ። ድሜጥሮስም ያን ትምህርት ቤት ለኦሪጌንስ አደራ ሰጠው። ኦሪጌንስ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 18 ዓመት ነበር፤ ይኸውም ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው የእኛ ዕድሜ ነው። አንድ ሽማግሌ ጳጳስ በአንድ ወጣት ላይ ይህን ያህል እምነት መጣሉ ዛሬም ያስደንቀናል።

ኦሪጌንስም አደራውን አላሳፈረም፤ ዝናው ከግብፅ አልፎ ወጣ። ነገር ግን ዝናው እያደገ ሲሄድ በሁለቱ መካከል ቅሬታ ገባ። በ230 ዓመት ገደማ ኦሪጌንስ በፍልስጥኤም ቂሣርያ ሳለ የዚያ አገር ጳጳሳት ያለ ድሜጥሮስ ፈቃድ ቅስና ሾሙት። ድሜጥሮስ ይህን የሥርዓት መጣስ አድርጎ ስላየው ጉባኤ ሰብስቦ ከእስክንድርያ አገደው። ኦሪጌንስም ወደ አገሩ ሳይመለስ በቂሣርያ ሲያስተምር ኖረ። በኋላ ዘመን በኦሪጌንስ ትምህርት ላይ ውግዘት ስለ መጣ ብዙዎች ድሜጥሮስን አመስግነዋል፤ ሌሎች ደግሞ በተማሪው ላይ ጨክኗል ይላሉ። እኛ በዚህ ነገር ለመፍረድ ገና ልጆች ነን። ሆኖም ሁሉ በአንድ ቀን እንዲጾም የፈለገው ያ ጽኑ ልብ ሁሉ በአንድ ሥርዓት እንዲሄድ የፈለገው ልብ መሆኑን እናያለን። ሕዝብን የሚሰበስብ ጽናት አንዳንድ ጊዜ አንዱን ሰው ከደጅ ያስቀራል። ይህም ሊታዘንለት የሚገባ ነው።

ድሜጥሮስ ወንበሩን ለ43 ዓመት ያህል ጠብቆ በ231 ዓመት ገደማ ዐረፈ። በዘመኑ የሴዌሮስን ስደት አየ፤ በ215 ዓመትም ንጉሠ ነገሥቱ ካራካላ በከተማይቱ ሕዝብ ላይ ያደረሰውን እልቂት አየ። ቤተ ክርስቲያናችን ጥቅምት 12 ቀን መታሰቢያውን ታከብራለች። ከሞቱ በኋላ በ325 ዓመት በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ክርስቲያን ሁሉ ትንሣኤን በአንድ ቀን እንዲያከብር ወሰኑ፤ የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳትም የበዓሉን ቀን በየዓመቱ በደብዳቤ ያስታውቁ ነበር። ከእነዚህ አንዱ አትናቴዎስ ነው፤ እርሱም ፍሬምናጦስን፥ የእኛን አባ ሰላማን፥ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ላከ። የእስክንድርያ የዘመን ቁጥር ወደ ተራሮቻችን የመጣበት መንገድ ይህ ነው። ከዚያም በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የተጻፈው የአቡሻክር መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ግእዝ ተመልሶ ትምህርቱን አሰፋው።

ዛሬም መስከረም 1 ቀን በሰቆጣ እንደ ሌላው አገር ሁሉ ካህኑ በሕዝቡ ፊት ቆመው የዓመቱን ወንጌላዊ፥ አበቅቴና መጥቅዕ፥ የጾሞቹንና የበዓላቱን ቀን ያውጃሉ። ከገበያ ኽምጣኛ እየተነጋገረ የመጣው ገበሬ፥ በአማርኛ የሚነግደው ነጋዴ፥ ከተከዜ ቆላ የወጣው እረኛ ሁሉም አንድ ቀን ሰምቶ ይመለሳል። ጥላን እያንዳንዱ በገዛ እግሩ ይሰፍራል፤ ሰዓቱም የቆመበት ቦታ ሰዓት ነው። የበዓልን ቀን ግን ማንም ለብቻው ሊሰፍረው አይችልም። ፀሐይና ጨረቃ ቁጥሩን ይሰጡናል፤ ቀኑን በጋራ የምናደርገው ግን እኛ ሰዎች ተስማምተን ነው። ከድሜጥሮስ ሕይወት የተማርነው ዋና ነገር ይህ ነው።

አንባቢ ራሱ እንዲሞክረው የ2017 ዓመተ ምሕረትን ቁጥር እናሳይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 5500 ብንጨምር 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህን ለ19 ብናካፍል 12 ይተርፋል፤ አንዱ ገና ያልተፈጸመው ዘመን ስለ ሆነ ይተውና 11 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 121፥ በሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴ 1 ይሆናል። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፥ በሠላሳ ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይሆናል። መጥቅዕ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29 እና 4 ሲደመር 33፥ ሠላሳው ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ ሠላሳ በመሙላቱም ወሩ ከጥር ወደ የካቲት ያልፋል። እንግዲህ የነነዌ ጾም የካቲት 3 ቀን ሰኞ ገባ። ለዚሁ 3 የትንሣኤን ተውሳክ 9 ብንጨምር ሚያዝያ 12 ቀን እሑድ ይሆናል።

የመምህራችን ትንሣኤ ከእኛ የሚለየው በሌላ ምክንያት ነው። በጥንቱ ቁጥር ዓመት 365 ቀን ከስድስት ሰዓት ነው፤ እውነተኛው ግን ከዚህ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። ይህቺ ትንሽ ደቂቃ በ128 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ትሆናለች። በ1582 ዓመት የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ አሥር ቀን ሰርዞ አቈጣጠሩን አሻሻለ፤ የእኛ አባቶች ግን በእስክንድርያው ጸኑ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ዓመት በዓሉ በአምስት ሳምንት ይራራቃል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ አንድ ቀን ይውላል።

በ2017 ዓመተ ምሕረት የሆነው ይህ ነው። የምዕራቡም የእኛም ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ፤ የኒቅያም ጉባኤ ከተደረገ 1700 ዓመት የሞላው በዚያው ዓመት ነው። በዚያን ቀን የቀድሞ መምህራችንን ወደ ቤት ጠራናቸው። እናቶቻችን ዶሮ ወጥ ሠርተው፥ ድፎ ዳቦ ቈርሰው በአንድ ገበታ አቀረቡ። ማንም ሳይቀምስ አልተመለሰም። መሪጌታችንም እዚያ ነበሩና በጣታቸው አንጓ ላይ እየቈጠሩ ቀኑን ለመምህራችን አስረዷቸው፤ እርሳቸውም በወረቀት ላይ የአገራቸውን ቁጥር ጽፈው አሳዩአቸው። ሁለቱም ከአንድ እሑድ ደረሱ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ የወይን አትክልተኛ የነበረ ሰው በዕድሜው ፊደል ቈጥሮ ለሕዝብ ቀን ከሰጠ፥ እኛ በልጅነታችን መምህርና መጽሐፍ የተሰጠን ምን ማድረግ ይገባን ይሆን? የአባቶቻችንን ቁጥር ሳንንቅ፥ የዘመኑንም ትምህርት ሳንፈራ ሁለቱንም እንማር። ለትምህርት ቤታችንም ብዙ የበዓል ቀን ይቈጠርለት።